የማሽላ ሥር ምልክትና አቀንጭራ፦ የኤልጂኤስ1 ዘረመል ጥቅምና ዋጋ

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ቆላማ ቀበሌዎች፣ በከሚሴ ዙሪያም ሆነ በባቲ፣ ማሽላ የቤተሰብ ምግብና የከብት መኖ ነው። በወሎ ቆላ የዚህ ሰብል ክፉ ጠላት አቀንጭራ ነው። ሐምራዊ አበባው ከአፈር በላይ ሲታይ ጉዳቱ ከደረሰ ሰንብቷል፤ ጥገኛው ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ውኃና ምግብ መምጠጥ የጀመረው ከመሬት በታች ሳለ ነውና። ስለዚህ ማረም የዘንድሮውን ምርት እምብዛም አይታደግም። የመቋቋም ምንጭ መፈለግ ያለበት በሥሩ ኬሚስትሪ ውስጥ ነው።

ማሽላ ፎስፈረስ ሲያጥረው ስትሪጎላክቶን የተባሉ ውህዶችን በብዛት ከሥሩ ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2005 እነዚህ ውህዶች ፎስፈረስ የሚያቀብሉትን የሥር ፈንገሶች እንደሚያነቃቁ ታወቀ፤ በ2008 ደግሞ በተክሉ ውስጥ ቅርንጫፍ መብዛትን የሚገቱ ሆርሞኖች መሆናቸው ተረጋገጠ። ምላሹ እንግዲህ ሁለት ገጽ አለው፤ የተራበው ተክል እድገቱን ይቆጥባል፣ ረዳትም ይጠራል። ከ10 ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ተኝቶ መቆየት የሚችለው የአቀንጭራ ዘር ግን ይህንኑ ጥሪ ለመብቀል ይጠቀምበታል። በ2015 የታተሙ ጥናቶች የአቀንጭራን ስትሪጎላክቶን ተቀባይ ፕሮቲኖች ለይተዋል፤ ከእነርሱ አንዱ እጅግ ጥቂት መጠን እንኳ ይበቃዋል።

ኤልጂኤስ1 የተባለው ዘረመል በማሽላ ክሮሞሶም 5 ላይ ይገኛል። በ2017 እንደተገለጸው፣ ዘረመሉ ሲጎድል በሥሩ ፈሳሽ ውስጥ 5-ዲኦክሲስትሪጎል ቦታውን ለኦሮባንኮል ይለቃል። ኦሮባንኮል የአቀንጭራን ዘር የማብቀል ኃይሉ ደካማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ አለ፤ ተክሉ ዝም አላለም፣ የጥሪው ዓይነት ተለወጠ እንጂ። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ቡድን የ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ያስገኘውን ሥራ ሲሠራ ዘረመሉ ገና አልታወቀም ነበር፤ ማሽላው የአቀንጭራን ዘር ማብቀል አለማብቀሉ የሚለየው በአጋር ላይ በሚደረግ ቀላል ፍተሻ ነበር። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ተቋቋሚ ዝርያዎች ለኢትዮጵያ ገበሬ የደረሱት ከዚህ የምርምር መስመር ነው።

ይሁንና ጥቅሙ ያለ ዋጋ አይመስልም። በ2020 የወጣ ጥናት የጎደለው ቅጂ በአፍሪካ ነባር ማሽላዎች መካከል ጥገኛው ከሚገኝበት አካባቢ ጋር እንደሚዛመድ፣ ሆኖም ድግግሞሹ አነስተኛ እንደሆነ አሳይቷል። ዋጋ ባያስከፍል ኖሮ በብዙ ሺህ ዓመታት ምርጫ ይበልጥ በተስፋፋ ነበር ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሌላም እንቅፋት አለ። አጫጭርና ፈጥነው የሚደርሱ ዝርያዎች የአቀንጭራን ጥቃት ቢቋቋሙም፣ አገዳውን ለመኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ለሚፈልግ ገበሬ ረጅሙን ነባር ማሽላ አይተኩለትም።

የሚሻለው መንገድ የጎደለውን ቅጂ በሞለኪውል ጠቋሚ እየተከታተሉ ወደ አካባቢው ነባር ማሽላ በተደጋጋሚ የኋሊት ማዳቀል ነው። ከዚያ የሚካሄደው የማሳ ሙከራ የበቀለውን አቀንጭራ በመቁጠር ብቻ ከተወሰነ ግን ግማሹን ጥያቄ ይተወዋል። ማዳበሪያ ባላገኘ መሬት፣ አቀንጭራ ባለበትና በሌለበት ማሳ ጎን ለጎን፣ ሥሩን የያዘው ፈንገስ መጠን፣ የአገዳው ክብደትና የእህሉ ምርት አብረው መለካት አለባቸው፤ የዘረመሉ ዋጋ ካለ ጎልቶ የሚታየው አቀንጭራ በሌለበት ማሳ ላይ ነውና።