ልጃችን በስልክ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ሲነጋገር

አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ወባ ወይም የጥርስ ሕመም ሲይዘን ማንም አይሸሽግም። ልጃችን እንቅልፍ ሲያጣ፣ ምግብ ሲያስጠላውና ከጓደኞቹ ሲርቅ ግን «ዕድሜው ነው» ወይም «ሰው እንዳይሰማ» እንላለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። አርባ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ይህ አምስት ወይም ስድስት ልጆች ማለት ነው።

ዛሬ ከእርዳታ መንገዶች አንዱ በኢንተርኔት የሚሰጥ የንግግር ሕክምና ነው። ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚጠቅምና የት እንደማይበቃ ተማሪም ወላጅም ማወቅ ይገባዋል።

ሕክምናው እንዴት ይሠራል?

ባለሙያውና ልጁ በቀጠሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ በቪዲዮ ይገናኛሉ። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ዘዴ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ይባላል። በምሳሌ እንየው። አንዲት ተማሪ በሒሳብ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት አገኘች። «እኔ የማልረባ ነኝ» ብላ አሰበች፤ አዘነች፤ ከክፍል መቅረት ጀመረች። በመቅረቷ ውጤቷ ይበልጥ ወረደ፤ የመጀመሪያው ሐሳቧም እውነት መሰላት። ባለሙያው ይህን ዙር ከሁለት ቦታ ይበጥሰዋል። በአንድ በኩል ሐሳቧን በማስረጃ እንድትመረምር ያደርጋታል፤ በሌላ በኩል ትንሽ የሚቻል ተግባር ይሰጣታል።

ዘዴው በስክሪንም ሊሠራ እንደሚችል ተፈትኖ ታይቷል። በኒውዚላንድ ስፓርክስ የተባለ፣ ይህንኑ ትምህርት በኮምፒውተር ጨዋታ መልክ የሚያስተምር ፕሮግራም ተሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት 187 ወጣቶች ተሳትፈዋል፤ የተጫወቱት ወጣቶች መሻሻል የተለመደውን ምክር ካገኙት አላነሰም። ይሁን እንጂ ልጁን የሚከታተል ሰው ሲኖር ውጤቱ እንደሚሻል፣ ብቻውን የተተወ ልጅም ብዙ ጊዜ መሀል ላይ እንደሚያቋርጥ ይታወቃል።

ለእኛ ምን ይጠቅማል?

ልጆቻችን በናይሮቢ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ይማራሉ፤ ቤት ሲገቡ አማርኛ ይናገራሉ። አንዳንዱ «ሆዴ ባባ» የሚለውን ስሜት በሌላ ቋንቋ መግለጽ ይቸገራል። ናይሮቢና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ ከትምህርት በኋላ ማግኘት ይቻላል። የትራንስፖርት ወጪና የመንገድ መጨናነቅም ይቀራል። ሰው እንዳያየው ፈርቶ ወደ ክሊኒክ የማይሄድ ልጅም በዚህ በኩል የመጀመሪያውን እርምጃ ይጀምራል።

ወላጅ ምን ያጣራ?

አንደኛ፣ ባለሙያው ማን ነው? በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአማካሪዎችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ሕግ ባለሙያዎች እንዲመዘገቡ ያዛል። የሚሠራው ከሌላ አገር ከሆነም በዚያው አገር ያለውን ፈቃድ ጠይቁ። ለጥያቄ ሁሉ ወዲያው የሚመልስ የስልክ መተግበሪያ ሐኪም አይደለም።

ሁለተኛ፣ ምስጢሩ የት ይቀመጣል? እ.ኤ.አ. በ2023 ቤተርሄልፕ የተባለው ታዋቂ የኢንተርኔት ምክር ድርጅት የደንበኞቹን መረጃ ለማስታወቂያ ሲል ለፌስቡክና ለሌሎች ኩባንያዎች በማጋራቱ፣ በአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ውሳኔ 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። ስለዚህ ልጁ ቅጽ ከመሙላቱ በፊት አብራችሁት አንብቡ።

ሦስተኛ፣ ልጁ የት ሆኖ ይናገራል? እናት በር ላይ ቆማ የምታዳምጥ ከሆነ፣ ወይም ታናሽ ወንድም አጠገቡ ከተቀመጠ፣ ልጁ እውነቱን አይናገርም። በመጀመሪያው ቀጠሮ ምን በምስጢር እንደሚያዝ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ደግሞ ለወላጅ እንደሚነገር ሦስታችሁ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ በሩን ዝጉለት። ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ ለትምህርት ቤቱ ንገሩን፤ ጸጥ ያለ ክፍል እናመቻቻለን።

ወደ ጸበል ወይም ወደ ጸሎት የሚሄድ ቤተሰብ ይህን ሕክምና እንደ ተቃራኒ አይየው። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል።

ስልክ የማይበቃበት ጊዜ

ልጁ መሞት እንደሚፈልግ ከተናገረ፣ ራሱን ከጎዳ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ወይም መብላት ፈጽሞ ካቆመ ቀጠሮ አትጠብቁ። ብቻውን አትተዉት፤ መድኃኒትና ስለት ከአጠገቡ አርቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በናይሮቢ ማታሪ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። በመላው ኬንያ የሚሠራው የልጆች የእርዳታ ስልክ 116 ነው፤ ጥሪው ነፃ ነው። «መሞት ትፈልጋለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ልብ ውስጥ አይጨምርም፤ ለመናገር በር ይከፍትለታል።

ውድ ተማሪዎች፣ ጓደኛችሁ እንዲህ ያለ ነገር አጫውቷችሁ «ለማንም አትንገር» ቢላችሁ፣ ይህ ምስጢር የሚጠበቅ አይደለም። ለምታምኑት አዋቂ በዚያው ቀን ንገሩ። ይህን ማድረግ ጓደኛን መክዳት አይደለም። የተከበራችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ለመናገር አፉን ሲከፍት ከምክር በፊት ጆሮ ስጡት። ስክሪኑ ባለሙያውን በሳምንት አንድ ሰዓት ያመጣልናል፤ በቀሩት ሰዓታት ከልጁ ጋር ያለነው እኛ ነን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንድን ስሜት በአማርኛ መናገር የሚቀልላችሁ ወይም የሚከብዳችሁ መቼ ነው? ለምን?
2. በቤታችሁ ሰው ሳይሰማ ለመነጋገር የሚያመች ቦታና ሰዓት የትኛው ነው?
3. ችግር ቢገጥማችሁ በመጀመሪያ የምትነግሩት አዋቂ ማን ነው? ስሙን ዛሬ ለራሳችሁ ጻፉ።