መርፌውን አትፈሪ፣ ወረቀቱን አንብቢ

ነይ እስቲ ቁጭ በይ፣ የጡት ምርመራ ወረቀትሽንም ወዲህ በይው። ሌሊቱን ስልክሽን ስትጎረጉሪ እንዳደርሽ ዓይንሽ ይናገራል።

መጀመሪያ ይሄን «ባይራድስ 4» የሚለውን እንጨርሰው። ደረጃ አራት ካንሰር መሰለሽ አይደል? አይደለም፣ ሆዴ! ማሞግራሙን ወይም አልትራሳውንዱን ያነበበው ሐኪም «ጥርጣሬ አለኝ፣ ናሙና ይወሰድ» ማለቱ ነው። የካንሰር ደረጃ ሌላ ነገር ነው፤ ገና ካንሰር ይሁን አይሁን እንኳ አልታወቀም። ይህን ቁጥር አይተው የተናዘዙ ሴቶች አሉ እኮ!

ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ ከወተት ቱቦው ወጥቷል ወይስ አልወጣም የሚለው ነው። እዚያው ቱቦው ውስጥ ካለ «ኢን ሲቱ» ይሉታል። ግድግዳውን ጥሶ ዙሪያውን ያለው ሥጋ ውስጥ ከገባ «ኢንቬሲቭ» ነው፤ ወደ ብብት ንፍፊት ሊሄድ የሚችለው ይሄኛው ነው። ሊሄድ ይችላል ማለት ግን ሄዷል ማለት አይደለም፤ በጊዜ የተገኘ ኢንቬሲቭ ካንሰርም ሊድን ይችላል።

ማሞግራም ከቱቦው መውጣት አለመውጣቱን አይለይልሽም። እንደ ጨው የደቀቁ ነጫጭ ነጥቦችን አሳይቶ ያስጠረጥራል እንጂ አይፈርድም።

ቀጭኑ መርፌ፣ ኤፍኤንኤ የሚሉት፣ ርካሽና ፈጣን ስለሆነ እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚቀድመው እሱ ነው። አትናቂው፤ ካንሰር መሆኑን ሊነግርሽ ይችላል። ግን የሚመጠው የተበታተኑ ሴሎችን ነው፤ ግድግዳው አብሮ ስለማይመጣ መጣሱም አይታይም። ስለዚህ በሱ ብቻ ቀዶ ሕክምና ከተባልሽ፣ የኔ ቆንጆ፣ አትፈሪ፣ «ኮር ባዮፕሲ አያስፈልገኝም ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ጥሩ ሐኪም በጥያቄ አይቆጣም።

ኮር ባዮፕሲ ወፈር ያለ መርፌ ነው። ቦታውን አደንዝዘው ያስገቡታል፤ ቀጭ ሲል ክር የመሰለች ሥጋ ይዞ ይወጣል። በድምፁ ትደነግጪ ይሆናል፤ ደንግጪ ግን አትንቀሳቀሺ! ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ ካመነታ ቱቦውን የሚከቡትን ሴሎች በልዩ ቀለም ይፈልጋቸዋል፤ ካሉ ካንሰሩ አልወጣም፣ ከጠፉ ጥሶ ወጥቷል። ሕክምናሽን ለመምረጥ የሚረዳው የሆርሞንና የሄር-2 ምርመራም ከዚችው ሥጋ ይሠራል። ቢሆንም የተወሰደው ቁራጭ ነው። በኮር «ኢን ሲቱ» የተባለው ዕጢው በሙሉ ወጥቶ ሲታይ ኢንቬሲቭ የሚገኝበት ጊዜ አለና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመጣውን ውጤት ሳትቀበዪ አትቅሪ።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል» የምትልሽን ጎረቤት ቡናዋን ጠጪላት፣ ምክሯን ተይላት። የሚጎዳሽ መርፌው ሳይሆን ቀጠሮ እያሳለፉ መቀመጥ ነው። ጠበሉንም ሂጂ፣ ማን ከለከለሽ? ግን ቀጠሮሽን ሳታስተላልፊ።

ናሙናውን ራስሽ ወደ ላቦራቶሪ እንድታደርሺ ከሰጡሽ ደግሞ ስምሽ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ብልቃጡ ላይ መጻፉን እዪ። ውስጡ ያለው ፎርማሊን ነው፤ ውሃ እንዳትጨምሪበት። ቤትም አታቆዪው፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ የሆርሞን ምርመራው ሊዛባ ይችላል። ሌላ ሆስፒታል ከተላክሽ ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ ናሙናሽ ያለበትን ስላይድና ብሎክ ስጡኝ በያቸው።