የክረምት ዝናብ፣ ቤታችንና ከሰሉ



ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ይደበድባል፤ ከዐስር ሰላት በኋላ ከቤት የሚወጣውም ሰው ያንሳል። ዝናብ ራሕመት ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝናብ ባዩ ጊዜ ጠቃሚ እንዲያደርገው አላህን ይለምኑ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ቤተሰብ አንድ ላይ የሚቀመጥበት ጊዜም ስለሆነ እንጠቀምበት።

ልጆች ሲሰለቹ ቴሌቪዥን ፊት ከሚቀመጡ ዝናቡን ያጥኑ። አፉና ታቹ እኩል የሆነ ጣሳ ከጣሪያና ከዛፍ አርቀው ግቢ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ጠዋት የተጠራቀመውን በማስመሪያ ይለኩት። 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 10 ሊትር ውሃ ወርዷል ማለት ነው። መብረቅ ሲያበራ ደግሞ (ቤት ውስጥ ሆነው!) ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ይቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ 9 ከቆጠሩ መብረቁ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቋል።

ከዚህ ጋር ትኩስ የምስር ሾርባ፣ የተጠበሰ በቆሎ እሸት፣ ቡናም አለ። የዛሬው ዋና ጉዳያችንም እዚሁ ላይ ነው፦ የከሰል ምድጃው።

ቡናው ካበቃ በኋላ በብዙ ቤት «ትንሽ ያሙቀን» ተብሎ ምድጃው ባለበት ይተዋል። በርና መስኮት ይዘጋል፤ የበሩ ሥር ሳይቀር በጨርቅ ይወተፋል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን ተሸካሚ ከሆነው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሰውነቱ ግን ኦክስጅን ያጣል። «ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍም ሆኗል፣ አይጎዳም» የሚለው አባባል ብዙ ቤተሰብ ያዘናጋል። ፍሙም ጋዙን ያወጣል፤ የቀረው የሚያስጠነቅቀን ጭስ ብቻ ነው።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ስለሆኑ ሰው ጉንፋን መስሎት ይተኛል፤ አደጋውም ያኔ ነው። ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ከታመሙና ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው ከሰሉን ይጠርጥሩ። ነፍሰ ጡር፣ ጽንሱ፣ ሕፃናትና አረጋውያን ይበልጥ ይጎዳሉ።

ከሰሉን ውጭ ያቀጣጥሉ፤ ቡና ሲፈላ በሩ ክፍት ይሁን፤ ከመኝታ በፊት ምድጃው ከቤት ይውጣ። መስኮት ገርበብ ማድረግ ሌሊቱን ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ እሳት በቤታችን እንዳንተው አዘዋል። የተጎዳ ሰው ካለ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር አውጥተው ወደ ጤና ተቋም ያድርሱት፤ ሕክምናው ኦክስጅን ነው። ወተት ማጠጣትም ሆነ ሎሚ ማሽተት ጋዙን ከደም አያስወጣውም።

ለብርዱ ደራርቦ መልበስና ካልሲ ይበቃል። ለአያቶች ሙቅ ውሃ በላስቲክ ከረጢት ወይም በደንብ በሚገጠም ዕቃ ሞልተው፣ በፎጣ ጠቅልለው እግራቸው ሥር ያድርጉላቸው።