አዲሱ እትም እያለ አሮጌው ለምን?

ጥያቄ፦ ሸሕዲ ከተማ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ አለኝ። ዊንዶውስ በቫይረስ ሲያማርረኝ ሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ዴቢያን 12 ጫንኩ። አንድ ወዳጄ ግን «ሊብሬኦፊስህ ገና 7.4 ነው፤ ዓለም የት ደርሷል!» ብሎ የዴቢያን 13ን የፕሮግራም ማከማቻ ጨምሬ አዲሱን እንዳወርድ መከረኝ። ለመሆኑ ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ነገር ይታመናል? ሌላም አለ፦ ዴቢያን 8 የተጫነበት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለኝ። ገዳሪፍ ላለ ደንበኛ ቀጠሮ ስጽፍበት የካርቱምን ሰዓት በአንድ ሰዓት አስበልጦ ያሳየኛል። ምን ነካው?

መልስ፦ ከሰዓቱ ልጀምር። ኮምፒውተርዎ ጤነኛ ነው፤ የያዘው መረጃ ግን ጊዜው አልፎበታል። ሱዳን እስከ ጥቅምት 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ድረስ ሰዓቷ ከእኛ ጋር እኩል ነበር፤ በማግስቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰችው። ከዚያ ወዲህ መተማ ዮሐንስ ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ወሰኑን ተሻግሮ ገላባት ገና አምስት ሰዓት ነው። አገሮች የሚያደርጉትን እንዲህ ያለ ለውጥ ለኮምፒውተር የሚነግረው «ቲዜድዳታ» የሚባል ፓኬጅ ነው። ዴቢያን ሌሎቹን ፓኬጆች በነበሩበት እትም ሲያቆይ ይህንን ግን በተረጋጋው ሥርጭት ውስጥም ሳይቀር ያድሰዋል። አንድ መንግሥት ሰዓቱን ሲቀይር የቆየው መረጃ ሐሰት ይሆናልና። ያ ኮምፒውተርዎ ከ2010 ጥቅምት ወዲህ አፕዴት አልተደረገም ማለት ነው።

ወዳጅዎ የታዘበው ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ዴቢያን «የተረጋጋ» የሚለው እትም ስህተት የሌለበት ማለት አይደለም፤ ጠባዩ የማይቀየር ማለት ነው። ሊብሬኦፊስ 7.4 ላይ የኪራይ ውል ቅጽ አዘጋጅተው ፊርማው ከሁለተኛው ገጽ ግርጌ እንዲያርፍ አድርገው ይሆናል። አዲስ እትም ሲመጣ የመስመር አሰባበሩ ትንሽ ቢለወጥ ፊርማው ብቻውን ሦስተኛ ገጽ ላይ ይወድቃል፤ ደንበኛው ደግሞ ፍርድ ቤት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በተረጋጋው እትም ግን ዛሬ የሠሩት ቅጽ የዛሬ ዓመትም እንደዚያው ይታተማል።

ታዲያ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝስ? የፕሮግራሙ ዋና ደራሲዎች ብዙ ጊዜ «አዲሱን እትም ውሰዱ» ብለው ያልፋሉ። የዴቢያኑ በጎ ፈቃደኛ ሥራው ከዚያ ይጀምራል። አዲሱን ኮድ ከአሮጌው ጋር ያስተያያል፤ ቀዳዳውን የሚደፍኑትን መስመሮች ብቻ ነቅሎ አውጥቶ በአሮጌው ላይ ይጥፋቸዋል። አንዳንዴ መስመሮቹ ለአሮጌው ኮድ አይገጥሙም፤ ያኔ እንደገና መጻፍ አለባቸው። ከዚያ የተለወጠው ተለይቶ ለደኅንነት ቡድኑ ወይም ለእትም ቡድኑ ይቀርባል። «ይህ መስመር ለምን ተነካ?» የሚል ጥያቄ አይቀርም፤ ቀዳዳውን ከመድፈን ያለፈ ለውጥ ካለበት ይመለሳል። ውጤቱን እርስዎም ማየት ይችላሉ፦ የፓኬጁን ቁጥር ሲመለከቱ መጨረሻው ላይ «ዴብ12ዩ» የሚል ቅጥያና አንድ ቁጥር ካገኙ፣ 7.4 መባሉ ሳይቀየር ውስጡ ተጠግኗል ማለት ነው። ወዳጅዎ ያነበበው የቁጥሩን መጀመሪያ ብቻ ይመስለኛል።

የ13ን ማከማቻ በ12 ላይ መጨመሩን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። አዲሱ ሊብሬኦፊስ ብቻውን አይመጣም፤ ሁሉም ፕሮግራም የሚደገፍበትን የሲ ላይብረሪ ከ2.36 ወደ 2.41 ይዞት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተርዎ 12ም 13ም አይደለም፤ ማንም ያልሞከረው ቅልቅል ነው። አዲስ እትም ግድ ካስፈለገዎ ለ12 ተብሎ እንደገና የሚዘጋጅ «ባክፖርትስ» የተባለ ማከማቻ አለ፤ ያለዚያ ሙሉ በሙሉ ወደ 13 ይሻገሩ። 13 እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 2025 ሲወጣ ከ69,000 በላይ ፓኬጆች ነበሩት፤ እነዚያም ከመጋቢት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ለውጥ እየተከለከለባቸው፣ ስህተታቸው ብቻ እየታረመ ነው የቆዩት።

ስለ እምነቱ የጠየቁት ተገቢ ነው፤ ሁለት ታሪክ ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የዴቢያን በጎ ፈቃደኛ ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ ፕሮግራም ላይ የማስጠንቀቂያ መልእክት ያስነሱ ነበር ያላቸውን መስመሮች አወጣ። ቁልፍ የሚያመነጨው ክፍል የዘፈቀደነቱን ምንጭ አጣ፤ ለአንድ ዓይነት ቁልፍ የቀሩት አማራጮች 32,767 ገደማ ብቻ ሆኑ። ችግሩ የተገለጸው በግንቦት 2008 ነው፤ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ማንም ልብ አላለውም። ቅን ሰው የሠራው ጥገና ራሱ ቀዳዳ ሆነ። ጥቂት መስመር ለመለወጥ ዛሬ ያን ያህል ጥያቄ ቢበዛ አይግረምዎ።

ሁለተኛው በተቃራኒው ነው። በ2024 መጀመሪያ ኤክስዜድ በተባለው የማመቂያ ፕሮግራም 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር ገባ። ያስገባው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ሠርቶ የተዳከመውን ብቸኛ ባለቤት እምነት ያገኘ ነበር። ያጋለጠው አንድረስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬኤስኪውኤል የመረጃ ቋት ባለሙያ ነው፤ «ሲድ» በሚባለው ያልተረጋጋ የዴቢያን ሥርጭት ላይ ሲሠራ የርቀት መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከነከነው። አዲስ አዲሱን የሚከተሉት ተነኩ፤ የዴቢያን 12 ተጠቃሚ ግን 5.4.1 ላይ ስለነበር በሩ አልደረሰውም። ደመወዝ ይህን አልወሰነውም። ሰው ሲደክምና ብቻውን ሲቀር ግን አደጋ አለ፤ ይህ በዴቢያንም የታወቀ ነው፤ ባለቤት ያጡ ፓኬጆች በይፋ ተዘርዝረው ተረካቢ ይፈለግላቸዋል።

ዳታ ውድ በሆነበት ወይም ጭራሽ በሚቋረጥበት ቦታ ደግሞ እትሙን ሳይቀይሩ የመጠገኑ አሠራር ኪስዎንም ይጠቅማል፤ የሚወርደው ጥገናው ያለበት ፓኬጅ ብቻ ነውና። ሁለቱ ኮምፒውተሮች በገመድ ከተገናኙ «አፕት-ካሸር-ኤንጂ»ን በአንዱ ላይ ይጫኑ፤ አንዴ የወረደውን ለሌላው ያካፍላል። ኔትወርክ ከሌለ «አፕት-ኦፍላይን» የሚያስፈልገውን ዝርዝር በፍላሽ ያወጣልዎታል፤ ጎንደር ሲወጡ አውርደው ይመለሳሉ።

አሮጌውን ኮምፒውተር በተመለከተ፦ የዴቢያን 8 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2020 ላይ አብቅቶ ማከማቻው ወደ ማኅደር ተዛውሯል። ከ8 ወደ 12 በአንዴ መዝለል ስለማይቻል ፋይሎችዎን ገልብጠው እንደ አዲስ ይጫኑት። ከመጫንዎ በፊት ፕሮሰሰሩን ይመልከቱ፦ ባለ 32 ቢት ከሆነ 13 መጫኛም ከርነልም አላዘጋጀለትም፤ 12 የመጨረሻው ነው።