የነጻው ኤቲኤም ከፋይ ማን ነው?

በብሪታንያ የባንክ ካርድ የያዘ ሰው፣ ካርዱ የየትኛውም ባንክ ይሁን፣ በአብዛኞቹ ኤቲኤሞች ያለ ክፍያ ገንዘብ ማውጣትን እንደ መብቱ ቆጥሮ ኖሯል። ይህ አዲስ አበባ ላለ አንባቢ ሊገርም ይችላል፤ እኛ ዘንድ በሌላ ባንክ ማሽን የተጠቀመ ሰው ግብይቱ ባንኮችን በሚያገናኘው ኢትስዊች በኩል ሲያልፍ የአገልግሎት ክፍያ ከሒሳቡ ላይ ይቆረጥበታልና። ከ2018 ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብሪታንያ ሕዝብ ነጻ ማሽኖቹን በማጣቱ ለምን እንደተቆጣ ለመረዳት፣ አስቀድሞ ይህ «ነጻ» የተባለ አገልግሎት በማን ገንዘብ እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማሽኑ ወጪ አለው። የቆመበት ቦታ ኪራይ ይከፈልበታል፤ ገንዘቡን በጥበቃ አጅቦ የሚጭን መኪና ያስፈልጋል፤ ሲበላሽ ይጠገናል። ውስጡ ተቀምጦ የሚውለው ገንዘብም ሌላ ቦታ ቢሆን ወለድ ያስገኝ ነበር። በአገሪቱ ያሉት ማሽኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሊንክ በተባለ አንድ መረብ የተሳሰሩ ናቸው። የአንዱ ባንክ ደንበኛ በሌላ ባንክ ወይም በግል ኩባንያ ማሽን ገንዘብ ሲያወጣ፣ ካርዱን የሰጠው ባንክ ለማሽኑ ባለቤት የተወሰነ ክፍያ ይፈጽማል። ክፍያው እስከ 2018 አጋማሽ 25 ፔንስ ገደማ ነበር። ደንበኛው ይህን ሒሳብ አያየውም፤ ባንኮቹ ግን በሚገባ ያዩታል።

ጠቡም የሚነሳው ከዚሁ ነው። ብዙ ማሽን ያለው ባንክ ከሌሎች ይቀበላል፤ ብዙ ባለካርድ ኖሮት ጥቂት ማሽን ያለው ደግሞ ይከፍላል። ባንኮች ቅርንጫፍ በዘጉ ቁጥር ከግድግዳው ላይ የነበረው ማሽን አብሮ ይነቀላል፤ ደንበኞቻቸው ወደ ሌላው ማሽን ስለሚሄዱ የሚከፍሉት ይጨምራል። በስልክ ብቻ የሚሠሩት አዳዲስ ባንኮች ደግሞ የራሳቸው ማሽን ስለሌላቸው ሁልጊዜ ከፋዮች ናቸው። ስለዚህ ክፍያው ይቀንስ የሚል ግፊት በረታ። በ2018 መጀመሪያ ሊንክ 25 ፔንሱን በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ወደ 20 ፔንስ እንደሚያወርድ አስታወቀ፤ የመጀመሪያው ቅናሽ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ተፈጸመ።

አምስት ፔንስ ምን ያህል ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን የማሽን ወጪ አሥር ሰው ተጠቀመበት ሺህ ሰው ብዙም አይለወጥም፤ ገቢው ግን በተጠቃሚው ቁጥር ልክ ነው። በተጨናነቀ ባቡር ጣቢያ የቆመ ማሽን ቅናሹን ይችለዋል። በትንሽ መንደር ሱቅ ወይም በድሃ ሰፈር ጥግ የቆመው አይችልም። በዚያ ላይ ሕዝቡ በካርድ መክፈል እያዘወተረ ነበር፤ በ2017 የዴቢት ካርድ ግብይት በቁጥር ከጥሬ ገንዘብ በልጦ ነበር። የማሽን ባለቤቶች የቀራቸው ምርጫ ሁለት ነው፤ ማሽኑን መንቀል ወይም ተጠቃሚውን ራሱን ማስከፈል። ሁለቱንም አደረጉ። ከ50 ሺህ በላይ የነበሩት ነጻ ማሽኖች በ2023 ከ40 ሺህ በታች ወረዱ።

ጉዳቱ የት እንደሚያርፍ በቁጥር ማየት ይቻላል። 1 ፓውንድ ከ50 በሚያስከፍል ማሽን 200 ፓውንድ የሚያወጣ ሰው ከአንድ በመቶ በታች ይከፍላል። ሳምንቱን ለመዝለቅ 10 ፓውንድ የሚያወጣው 15 በመቶ ይከፍላል። በሒሳቡ 11 ፓውንድ ብቻ የቀረው ሰውማ ገንዘቡ የራሱ ሆኖ ሳለ አሥሯን እንኳ ማውጣት አይችልም። በ2019 የወጣው፣ ናታሊ ሲኒ የመሩት የጥሬ ገንዘብ ተደራሽነት ጥናት፣ ጥሬ ገንዘብ ቢጠፋ ከስምንት ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች እንደሚቸገሩ ገልጿል። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ገቢያቸውን በእጃቸው ቆጥረው የሚያብቃቁ ሰዎች ናቸው።

ባንኮቹ ወጪው እውነት ነው ሲሉ አይዋሹም። ይሁን እንጂ ሕዝቡን ወደ ማሽን የወሰዱት ራሳቸው ናቸው። ባርክሌስ በሰኔ 1967 በሰሜን ለንደን ኤንፊልድ የመጀመሪያውን ማሽን ካቆመ ወዲህ፣ ማሽኑ የገንዘብ ከፋይ ሠራተኛን ሥራ ወስዶ ባንኮችን ብዙ ወጪ አድኗቸዋል። ደንበኛውን ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ስልኩ እየገፉ፣ መከተል ያልቻለውን ማስከፈል ፍትሕ አይመስለኝም።

ቁጣው ከንቱ አልቀረም። በ2000 ገደማ ባርክሌስ የሌሎች ባንኮችን ደንበኞች 1 ፓውንድ ሊያስከፍል ሲነሳ የሕዝብ ጩኸት ወደ ኋላ መልሶታል። በጥቅምት 2019 ይኸው ባንክ ደንበኞቹ በፖስታ ቤት መስኮት ገንዘብ እንዳያወጡ ሊያደርግ መሆኑን አስታውቆ፣ የምክር ቤት አባላትና ሕዝቡ ሲነሱበት ወሩ ሳያልቅ ሐሳቡን ሰርዟል። ሊንክም ከሁለት ቅናሽ በኋላ የቀሩትን ቅናሾች አቆመ፤ ራቅ ብለው ብቻቸውን ለቆሙ ማሽኖችም ተጨማሪ ድጎማ መድቧል። በ2023 የወጣው የፋይናንስ አገልግሎቶችና ገበያዎች ሕግ ጥሬ ገንዘብ የማግኘትን ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕግ ጥበቃ ሥር አስገባው። መንግሥት ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ያወጣው መመሪያም በከተማ በአንድ ማይል፣ በገጠር በሦስት ማይል ርቀት አገልግሎቱ ሊገኝ ይገባል፣ ከግል ሒሳብ ማውጣትም ነጻ ይሁን ይላል። ሕጉ ግን ቅርንጫፍ መዝጋትን አይከለክልም፤ ከመስከረም 2024 ጀምሮ የሚያስገድደው የሚፈጠረው ክፍተት ተገምግሞ እንዲሞላ ነው።

እዚያ የምትኖሩ ወገኖች ይህን ልብ በሉ። የሚያስከፍል ማሽን ክፍያውን አስቀድሞ በስክሪኑ የማሳየት ግዴታ አለበት፤ አይታችሁ ካልተስማማችሁ ሰርዛችሁ ካርዳችሁን መውሰድ ትችላላችሁ። የሰፈራችሁ ነጻ ማሽን ከተነሳም ነዋሪ ሁሉ ለሊንክ የግምገማ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። እንግሊዝኛ ለማይመቻቸው አረጋውያን ጎረቤቶቻችሁ ጥያቄውን እናንተ ጻፉላቸው።