የሥራ ማኅበሮች ሥራቸውንና ወጪያቸውን በተራ ዘርዝረው እንዲተምኑ ስለ ማስተማር

አንድ የሥራ ማኅበር ዓመቱን ሙሉ ሲገዛና ሲሸጥ ሰንብቶ፥ በመጨረሻ ሣጥኑን ሲከፍት ባገኘው ገንዘብ ብቻ «አተረፍሁ» ወይም «ከሰርሁ» ቢል፥ የነገሩን ፍጻሜ ዐወቀ እንጂ ምክንያቱን አላወቀም። ምክንያቱን ያላወቀ ደግሞ ያተረፈበትን ሥራ ለማብዛት፥ የከሰረበትንም ለማረም አይችልም። ስለዚህ የዞንና የወረዳ የእርሻ ሹማምንት ማኅበሮችን በሚያሠለጥኑበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው ሊያስተምሩት የሚገባው ነገር፥ ሥራን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ መዘርዘር፥ ለእያንዳንዱም ሥራ የሚወጣውን ገንዘብ፥ ጉልበትና ቀን መተመን ነው። ለዚህ ትምህርት የሐረር ቡና መልካም ምሳሌ ይሆናል፤ ከገበሬው ማሳ ተነሥቶ እስኪሸጥ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋልና።

ስለ ትምህርቱ አመጣጥ።

ገቢንና ወጪን በሁለት ወገን የመጻፍ ሥርዓት የቈየ ነው። ሉካ ፓቾሊ የተባለ ኢጣሊያዊ መነኵሴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1494 ዓ.ም. በቬኒስ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ የነጋዴዎችን አጻጻፍ ገልጾታል። ሥራን ራሱን በሥዕል መዘርዘር ግን ኋላ የመጣ ነው፤ ፍራንክና ሊሊያን ጊልብሬዝ የተባሉ ባልና ሚስት በ1921 ዓ.ም. በአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር ፊት የሥራን ተራ በምልክት እየሣሉ የማሳየትን ዘዴ አቀረቡ። ሮቢን ኩፐርና ሮበርት ካፕላን የተባሉ ሊቃውንት ደግሞ በ1988 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ ወጪ በጅምላ ለሁሉ የሚከፋፈል ሳይሆን ወጪውን ባመጣው ሥራ ላይ መቈጠር እንዳለበት አስረዱ። በአገራችንም በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ፥ ሠራተኞች በቡድን ተሰብስበው የራሳቸውን ሥራ እንዲመረምሩ የማሠልጠን ልማድ ተስፋፍቷል። የሁሉም ሐሳብ ሲጠቃለል አንድ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ሰው ሥራውን በዐይኑ አይቶ በእጁ ይጻፈው ነው።

ትምህርቱን በገበያ ስለ መጀመር።

ሠልጣኞች በመጀመሪያው ቀን በአዳራሽ ተቀምጠው ቃላት ከሚያጠኑ ይልቅ ወደ ገበያ ቢወጡ ይሻላል። በሐረር ለዚህ የሚመች ቦታ በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው ጊደር መጋላ ነው፤ ስሙም በሐረሪ ቋንቋ ትልቅ ገበያ ማለት ነው። ከፈረስ መጋላ ወደዚያ የሚወስደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ልብስ ሰፊዎች በግራና በቀኝ ተቀምጠው የስፌት መኪና ስለሚያንቀሳቅሱበት ነው። ሠልጣኞች ከአንድ ልብስ ሰፊ አጠገብ ቆመው ቢመለከቱ፥ አንድ ቀሚስ እስኪጠናቀቅ ሰውነት መለካት፥ ጨርቅ መቍረጥ፥ መስፋት፥ መዘምዘምና መተኰስ በተራ እንደሚከተሉ፥ በመካከሉም ቀሚሱ ያለ ሥራ ተጥሎ የሚቈይበት ጊዜ እንዳለ በአንድ ስፍራ ያያሉ። ይህን ከጻፉ በኋላ ወደ ጊደር መጋላ ዘልቀው፥ ከገጠር አትክልት ይዛ የመጣችን አንዲት ሻጭ በትሕትና ቢጠይቁ፥ ስንት ሰዓት እንደ ተጓዘች፥ ለመጓጓዣ ምን እንደ ከፈለች፥ ያልተሸጠውን ማታ ምን እንደምታደርገው ይነግራቸዋል መልሷ። በዚህም ከትርፉ አስቀድሞ መንገዱን መጠየቅን ይለምዳሉ።

ስለ ቡናው ሥራ ዝርዝር።

የሐረርጌ ቡና በአብዛኛው ሳይታጠብ ከነገለባው በፀሐይ ደርቆ፥ በኋላ የሚፈለፈል ነው። ከነገለባው የደረቀው ጀንፈል ይባላል፤ ከሁለት ኪሎ ጀንፈል አንድ ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ይገኛል። እንግዲህ ጀንፈል ገዝቶ፥ አሰናድቶ በድሬዳዋ የሚሸጥ አንድ ማኅበር አለ እንበል። ከዚህ በታች ያለው ቍጥር ለትምህርት ብቻ የተሰጠ ነው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ማኅበሩ 1,000 ኪሎ ጀንፈል ኪሎውን በ100 ብር ገዝቶ 100,000 ብር ከፈለ። የቀረው ወጪ በሥራ ተራ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ። እየዞሩ መግዛትና መመዘን፥ 2,000 ብር።
2ኛ። ወደ መጋዘን ማጓጓዝ፥ 3,000 ብር።
3ኛ። እርጥበት ያለበትን እንደ ገና ማስጣት፥ 1,500 ብር።
4ኛ። መፈልፈል፥ 4,000 ብር።
5ኛ። መልቀም፥ 6,000 ብር።
6ኛ። በጆንያ መሙላትና ማስቀመጥ፥ 1,500 ብር።
7ኛ። ጭኖ ወደ ድሬዳዋ ማድረስ፥ 4,000 ብር።

ድምሩ 22,000 ብር ነው፤ ከግዢው ጋራ 122,000 ብር ይሆናል። ከፍልፈላው 500 ኪሎ ቡና ወጥቶ፥ በለቀማ 20 ኪሎ ብልሽት ተለይቶ ሲወድቅ 480 ኪሎ ይቀራል። ገለባውም የሚጣል አይደለም፤ በሐረርጌ ሆጃ ለሚባለው መጠጥ ስለሚፈለግ ራሱን የቻለ ገዢ አለው። በ2,000 ብር ተሸጠ ብንል፥ ይህ ገንዘብ ከቡናው ወጪ ላይ ይቀነሳል። የቀረው 120,000 ብር ለ480 ኪሎ ሲካፈል፥ አንዱ ኪሎ 250 ብር ፈጅቷል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ማኅበሮች እንዲህ አይቈጥሩም። የሚጽፉት ከሣጥን የወጣውን ብቻ፥ ይኸውም ግዢውን፥ ሁለቱን ማጓጓዣና ፍልፈላውን ነው፤ እርሱም 111,000 ብር ነው። መግዛቱን፥ ማስጣቱን፥ መልቀሙንና መሙላቱን አባላቱና ሚስቶቻቸው ያለ ደመወዝ ስለ ሠሩት አይቈጠርም። ብልሽቱም ስለማይቀነስ 111,000 ብር ለ500 ኪሎ ተካፍሎ፥ አንዱ ኪሎ 222 ብር ሆነ ይባላል። ስለዚህ ነጋዴ መጥቶ ኪሎውን በ235 ብር ቢጠይቅ፥ ማኅበሩ በኪሎ 13 ብር ያተረፈ መስሎት ደስ ብሎት ይሸጣል። በእውነቱ ግን በኪሎ 15 ብር፥ በ480 ኪሎም 7,200 ብር ከስሯል።

እዚህ ላይ ሠልጣኞች፥ «ሣጥኑ ውስጥ ገንዘብ ጨምሮ ሳለ እንዴት ከሰርን?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱ ይህ ነው። ከቡናውና ከገለባው የገባው 114,800 ብር፥ ከሣጥን የወጣው 111,000 ብር ስለ ሆነ፥ በእርግጥ 3,800 ብር ተርፏል። ነገር ግን አባላቱ 11,000 ብር የሚያወጣ ጉልበት አፍስሰው ነበር። የጐደለው 7,200 ብር የወጣው ከሣጥኑ ሳይሆን ከወገባቸው ነው። ሣጥኑ ስለ ሞላ ጉዳቱ አይታይም፤ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ግን አባላቱ ደክመው ማኅበሩን ይተዋሉ፤ ለምን እንደ ተዉትም የሚያውቅ አይኖርም።

ስለ ወጪ ምንጭ።

ዝርዝሩ ከተጻፈ በኋላ ከሁሉ የበለጠው ወጪ የትኛው እንደ ሆነ፥ ምንጩም ከወዴት እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። በምሳሌአችን ከግዢው ቀጥሎ የከበደው ለቀማው ነው። ችኵል ሰው የለቃሚዎችን ክፍያ እንቀንስ ይላል። አስተዋይ ቡድን ግን፥ ለቀማው ስለ ምን በዛ ብሎ ይጠይቃል። ጥሬው ከበሰለው ጋራ ተለቅሞ፥ በመሬት ላይ ተሰጥቶ፥ ሳይደርቅ በጆንያ ታምቆ እንደ መጣ ቢገኝ፥ በ5ኛው ተራ የተጻፈው ወጪ የተወለደው በ1ኛው ተራ፥ ገዢው ሳይመረምር በተቀበለ ጊዜ ነው። 3ኛው ወጪም ከዚያው የመጣ ነው። እንግዲያስ መድኃኒቱ ገበሬው ቀዩን ብቻ እንዲለቅም፥ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እንዲያሰጣ ማስተማር፥ እንዲህ ላደረገውም በዋጋ መለየት ነው። የተፈለፈለው ቡና እርጥበት ከመቶ 11 ወይም 12 እጅ ሲሆን በደኅና ይቀመጣል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ለሻጋታ ይጋለጣል።

የአንድ ሥራ መለወጥ ሌላውን ሁሉ እንደሚለውጥ ሐረር ከታሪኳ ታውቀዋለች። ቀድሞ ንግዷ በግመል ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ የተለወጠው ማጓጓዣው ብቻ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን መጋዘኑም፥ ነጋዴውም፥ የንግዱም ማዕከል ባቡሩን ተከትሎ ወደ ድሬዳዋ አዘነበለ።

ስለ ቡናና ስለ ጫት።

በሐረርጌ ብዙ ገበሬዎች ቡናቸውን እየነቀሉ ጫት ተክለዋል። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ሲለቀም፥ ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ተቈርጦ ፈጥኖ ገንዘብ ስለሚያመጣ፥ ገበሬው ያለ ምክንያት አላደረገውም። የሚያሳዝነው ግን ሳይቈጥሩ መንቀል ነው። የተነቀለ የቡና ዛፍ ተተክቶ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል። ሹሙ «ንቀል» ወይም «አትንቀል» ከማለት ይልቅ፥ የሁለቱን ተክል ውሃ፥ ጉልበት፥ ማጓጓዣና ገንዘቡ የሚገባበትን ቀን ጐን ለጐን አስጽፎ ገበሬው ራሱ እንዲመዝን ቢያደርግ፥ ከትእዛዝ ይልቅ ይጠቅመዋል።

አሠልጣኙ ሊጠብቀው የሚገባ ደንብ።

1ኛ። ቡድኑ ከአምስት ሰዎች ያህል ይሁን፤ ገዢው፥ መጋዘን ጠባቂው፥ ለቃሚዪቱ፥ ጫኚውና ገንዘብ ያዡ ይገኙበት። ለቃሚዪቱ የቀረችበት ዝርዝር ጐደሎ ነው።
2ኛ። አንድ ጆንያ ቡና ምልክት ተደርጎበት ከተገዛበት እስከ ተሸጠበት ይከተሉት፤ የተሠራበት ቀንና ያለ ሥራ የተቀመጠበት ቀን ተለይቶ ይጻፍ።
3ኛ። ጽሑፉን ሹሙ አይጻፍላቸው። መጻፍ የማያውቅ ቢኖር ሥራውን በጠጠር ወይም በፍሬ እየደረደረ ያሳይ።
4ኛ። ይህ ትምህርት በሚሰጥበት ቀን ስለ ግብርና ስለ ዕዳ አይጠየቅ። ሕዝቡ ሒሳቡን ለመሰወር ካሰበ፥ የሚጻፈው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።
5ኛ። በየመከሩ የተተመነው ከደረሰው ጋራ ይተያይ፤ ልዩነቱ የወቀሳ ሳይሆን የምርመራ ምክንያት ይሁን።

ይህን ደንብ የጠበቀ ማኅበር በመከሩ መጨረሻ የሚያገኘው ገንዘብ ከየትኛው ሥራ እንደ መጣ ለአባላቱ ሊያስረዳ ይችላል። ነጋዴ ዋጋ በሚጠራበትም ሰዓት፥ «ይህ ዋጋ ድካማችንን አይከፍልም» ለማለት የሚያበቃው ማስረጃ በእጁ ይኖራል።