ሁለት ዓይነት ራም በአንድ ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ ንፋስ መውጫ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ አለኝ። ዴስክቶፔ ላይ ከሌላ ኩባንያ የተሠራ ባለ 4 ጊጋባይት ራም ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ ሥራ መሀል ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ይጠፋል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የተለያዩ ራሞች ብዙ ጊዜ አብረው ይሠራሉ፤ ፍጥነቱ 1600 የሆነ ራም 1333 ከሆነው ጋር ሲገባ ሁለቱም በ1333 ይሄዳሉ። የጊዜ አጠባበቃቸው (ታይሚንግ) ካልተጣጣመ ወይም አንዱ ብልሽት ካለበት ግን እርስዎ የገጠመዎት ይከሰታል። በቅድሚያ የደንበኞችዎን ሰነዶች በፍላሽ ይገልብጡ፤ የታመመ ራም ፋይል ያበላሻልና። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ሶኬቱን ነቅለው፣ አንዱን ራም ብቻ አስገብተው ይሥሩበት፤ ቀጥሎ ሌላውን ይሞክሩ። ሜምቴስት 86 በተባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሌሊቱን ቢፈትሹት ደግሞ የተሻለ ነው። ለየብቻ ደህና ሆነው አብረው እምቢ ካሉ አዲሱን ይመልሱና ጥንድ ሆኖ የታሸገ ይግዙ። በአንዱ ራም ብቻ ከጠፋ ብልሽቱ የዚያ ራም ነው፤ በእያንዳንዱ ለየብቻም ከጠፋ ግን ማዘርቦርዱ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ይጠረጠራል፤ ያኔ ለጥገና ባለሙያ ያሳዩት።